ልጆቻችን በንጋት የሚጠብቁት ቡድን፦ የወጣት ቡድን ተስፋ እንዴት ይመዘናል?

ይህ ጽሑፍ በአማርኛው የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር ነው። በሥራ ፈረቃ ምክንያት ሳይሰሙት የቀሩ ወላጆች ስለጠየቁ፣ ጥቂት ነገር ተጨምሮበት እዚህ ታትሟል። ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ አገር በምንጠቀምበት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ በክፋር ዮናና በኔታንያ ቤተሰቦችን ስጎበኝ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አቤቱታ አለ። ልጁ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ማታ እንደ ሰው ይተኛል። ነገር ግን ከንጋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፣ ይነሣና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በስልኩ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ያያል። እናቱ «ማን አሸነፈ?» ስትለው «ተሸነፍን» ይላታል። «ታዲያ ምን ያስቅሃል?» ስትለው ደግሞ «ቡድናችን ወጣት ነው እኮ፣ ትንሽ ዓመት ብቻ ጠብቂ፣ ፕለይኦፍ እንገባለን» ይላታል። እናትን የሚያስገርማት «ተሸነፍን» የሚለው ቃል ራሱ ነው። መቼ ነው እኛ ፖርትላንድ በሚባል ከተማ የኖርነው?

የልጁ መልስ ቀልድም ስንፍናም አይደለም። ወጣት ቡድን የሚደግፍ ሰው የራሱ ሒሳብ አለው። ሒሳቡ አንዳንድ ጊዜ ልክ ይወጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአንድ ጉልበት መጎዳት ይፈርሳል። ወላጅ ይህን ሒሳብ ካወቀ፣ ከልጁ ጋር የሚነጋገርበት በር ያገኛል። ተስፋው ወደ ገንዘብ ማስያዝ የሚዞርበትንም ቦታ ቀድሞ ለማየት ይችላል። እኔን ስለ ኳስ እንዳወራ ያደረገኝም ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ቡድኑን እናስተዋውቅ። ፖርትላንድ በአሜሪካ ምዕራብ፣ በኦሪገን ክፍለ ሀገር የምትገኝ ከተማ ናት፤ ቡድኗ ትሬይል ብሌዘርስ ይባላል። ሰዓቷ ከእስራኤል በአሥር ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚያ ማታ የሚጀመር ጨዋታ እዚህ የሚታየው ወፍ ሲንጫጫ ነው። የእስራኤል ልጆች ይህን ቡድን «የእኛ» ያሉት በአንድ ሰው ምክንያት ነው፤ በደኒ አቭዲያ። ደኒ በ2001 በቤት ዜራ ኪቡጽ ተወልዶ በሄርጽሊያ አደገ። አባቱ ዙፈር አቭዲያ በዩጎዝላቪያ የታወቀ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረ፣ በኋላም ወደዚህ አገር መጥቶ የተጫወተ ሰው ነው። ስለዚህ ደኒም የመጤ ልጅ ነው፤ ልጆቻችን ይህን ልብ ብለውታል። በ16 ዓመቱ ለማካቢ ቴል አቪቭ ዋና ቡድን ተሰለፈ። የእስራኤል ከ20 ዓመት በታች ቡድን በ2018 እና በ2019 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ሲወስድ ከቡድኑ ጋር ነበር፤ በ2019 ቴል አቪቭ ላይ በተደረገው ውድድር የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2020 ኤን ቢ ኤ በሚባለው የአሜሪካ ሊግ የዋሽንግተን ቡድን በ9ኛ ደረጃ መረጠው። መንገዱን የከፈተው ኦምሪ ካስፒ በ2009 የተመረጠው በ23ኛ ደረጃ ስለነበር፣ ከእስራኤል ልጆች እንዲህ ከፍ ብሎ የተመረጠ ከደኒ በፊት አልነበረም። ከዚያም በ2024 ዋሽንግተን ለፖርትላንድ ለወጠው።

አንዲት እናት እዚህ ላይ «ሰው እንደ በሬ ይለወጣል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። አዎን፣ ይለወጣል። የሚለወጠው ውሉ ነው፤ ተጫዋቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ደመወዙ ትልቅ ስለሆነ ማንም አያዝንለትም።

አሁን ፕለይኦፍ የሚለውን ቃል እንፍታው። በኤን ቢ ኤ 30 ቡድኖች አሉ፤ 15ቱ ምሥራቅ፣ 15ቱ ምዕራብ ይባላሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ 82 ጨዋታ ይጫወታል። ይህ እንደ እርሻው ወራት ነው። ፕለይኦፍ ደግሞ አውድማው ነው። ከየወገኑ ከ1ኛ እስከ 6ኛ የወጡት በቀጥታ ይገባሉ። ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉት ለቀሩት ሁለት ሁለት ቦታዎች እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ፤ ይህ ፕለይኢን ይባላል። የገቡት 16 ቡድኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገጥማሉ፤ ቀድሞ አራት ጊዜ ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ አራት ዙር ያለፈው ዋንጫውን ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ልጅ «ፕለይኦፍ እንገባለን» ሲል «ዋንጫ እንወስዳለን» ማለቱ አይደለም። ምርታችን አውድማ ይደርሳል ማለቱ ነው። ትልቅ ልዩነት አለው፤ ልጁ ከምናስበው በላይ ጠንቃቃ ነው።

ለመሆኑ የሚሸነፍ ቡድን ለምን ተስፋ ያሰጣል? ምሥጢሩ በሊጉ አሠራር ላይ ነው። በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች ለቡድኖች ይከፋፈላሉ። ቀድሞ የመምረጥ ዕድል የሚሰጠው ከኋላ ለቀሩት ነው፤ ያውም በዕጣ። ከ2019 ጀምሮ በተሠራበት ደንብ መጨረሻ ላይ የቀሩት ሦስቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው የመጀመሪያውን ዕጣ ለማግኘት ከመቶ 14 ዕድል ነበራቸው። ይህ ማለት ሽንፈት ራሱ የሚሰጠው ነገር አለ። ለእኛ ይህን መዋጥ ያስቸግራል። እኛ ባደግንበት አገር ሰነፍ ገበሬ ጥሩውን መሬት ቀድሞ አይመርጥም። እነርሱ ግን ሀብታሙ ቡድን ለዘላለም እንዳይገዛ ብለው የሠሩት ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሉ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ወጣት ለአራት ዓመት ያህል የሚከፈለው በተወሰነ ሠንጠረዥ መሠረት ነው፤ ይህም ከታላላቆቹ ደመወዝ ጋር ሲወዳደር ጥቂት ነው። ቡድኑ በእነዚህ ዓመታት ሦስት አራት ጎበዝ ወጣቶችን በአንድነት ለመያዝ ይችላል። አራቱ ዓመታት ሲያልቁ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ትልቅ ደመወዝ ይጠይቃሉ፤ ሊጉ ደግሞ ለደመወዝ ወሰን አለው፣ ከወሰኑ በላይ የሚከፍል ቡድን ከባድ ቅጣት ይከፍላል። እንግዲህ ወጣት ቡድን የሚደግፍ ሰው ሁልጊዜ ሰዓት እየቆጠረ ነው። ወጣቶቹ የሚበስሉበት ጊዜና ገንዘቡ የሚያልቅበት ጊዜ ይሽቀዳደማሉ።

በጎንደር ያረሳችሁ አባቶች ነገሩን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ወይፈን ጉልበት አለው፣ ነገር ግን ሁለት ወይፈን አንድ ላይ ቢጠመድ ትልሙን ያጣምማል፣ ሞፈር ይሰብራል። ስለዚህ ወይፈኑን ከነባር በሬ ጋር ታጣምዱታላችሁ። የቅርጫት ኳስ አሠልጣኞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

እስቲ በዚህ መለኪያ ፖርትላንድን እንይ። ከ2023 እስከ 2024 በነበረው ውድድር ከ82 ጨዋታ 21 ብቻ አሸነፈ። ደኒ በመጣበት በሚቀጥለው ዓመት 36 አሸነፈ፣ 46 ተሸነፈ፤ ፕለይኦፍ አልገባም። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ አሁንም የተሸናፊ ቁጥር ነው። ልጆቻችን ግን ዓመቱን ለሁለት ይከፍሉታል። በመጀመሪያዎቹ 41 ጨዋታዎች ድል 13፣ ሽንፈት 28 ነበር። በኋለኞቹ 41 ጨዋታዎች ድል 23፣ ሽንፈት 18 ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች የተጫወቱ ይመስላል። ደኒ በዚያ ዓመት በአማካይ ወደ 17 ነጥብ ደረሰ፤ ዕድሜው ገና 24 ነበር። ሼይደን ሻርፕ በ2003፣ ስኩት ሄንደርሰንና ዶኖቫን ክሊንገን በ2004 የተወለዱ ናቸው። ቤልጅጋዊው ቱማኒ ካማራ በ2025 ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች መካከል ተቆጠረ። እንዲህ ያለውን ቁጥር ያየ ደጋፊ በ2025 ጸደይ ቢደሰት አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጠንቃቃ ሰው አንድ ጥያቄ ይጨምራል። በመጋቢትና በሚያዝያ አንዳንድ ጠንካራ ቡድኖች ለፕለይኦፍ እንዲሆኑ ብለው ዋና ተጫዋቾቻቸውን ያሳርፋሉ፤ አንዳንድ ደካሞች ደግሞ ያንን የዕጣ ዕድል እያሰቡ ለማሸነፍ አይታገሉም። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ የሚገኝ ድል ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። ልጃችሁ ስለ ሁለተኛው ግማሽ ዓመት ሲነግራችሁ «እነማንን ነው ያሸነፋችሁት?» ብላችሁ ጠይቁት። በጣም ይደነቃል።

ነባሩም በሬ አልቀረም። በ2025 ፖርትላንድ ጁሩ ሆሊደይን አመጣ። ዕድሜው 35 ነበር፤ በ2021 ከሚልዋኪ፣ በ2024 ከቦስተን ጋር ዋንጫ የወሰደ ሰው ነው። የቀድሞው የከተማዋ ጀግና ዴሚየን ሊላርድም በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ የእግሩ ጅማት ተበጥሶ ስለነበር ግን ለጊዜው መጫወት አልቻለም። እንዲህ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ፣ በጥቅምት 2025 ውድድሩ እንደተጀመረ አሠልጣኙ ቻውንሲ ቢላፕስ ከቁማር ጋር በተያያዘ ምርመራ በአሜሪካ መንግሥት ተያዘ። ክሱን አልተቀበለም፤ ቡድኑ ግን በማግስቱ በረዳቱ በቲያጎ ስፕሊተር እጅ ነበር። ይህን የትኛው ሒሳብ አስቀድሞ ያውቀዋል? ከዚያ በኋላ ያለውን ውጤት ከእኔ ይልቅ ከልጆቻችሁ ስሙ፤ በየቀኑ ነው የሚቆጥሩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም የፖርትላንድ ሽማግሌ ደጋፊዎች እንዲህ ያለ ተስፋ ሲያዩ የመጀመሪያቸው አይደለም። ከተማዋ ዋንጫ የወሰደችው በ1977 ነው፤ ማካቢ ቴል አቪቭ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ በወሰደበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ ተስፋ የታየው በ2007 አካባቢ ነበር። ብራንደን ሮይ የሚባል ጎበዝ ነበራቸው፣ ላማርከስ ኦልድሪጅ ነበራቸው፤ በ2007 ደግሞ የመጀመሪያው ዕጣ ወጣላቸው። ሁለት ወጣቶች ከፊታቸው ቆመው ነበር። አንዱ ግሬግ ኦደን የሚባል ግዙፍ ልጅ፣ ሁለተኛው ኬቪን ዱራንት። ፖርትላንድ ኦደንን መረጠ። ዱራንትን ሁለተኛ ዕጣ የወጣለት የሲያትል ቡድን ወሰደው።

ኦደን ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ጉልበቱ ተቀደደና ዓመቱን ሙሉ ተኛ። ቢሆንም በ2008 እና በ2009 መካከል በነበረው ውድድር ያ ወጣት ቡድን 54 ጨዋታ አሸንፎ ፕለይኦፍ ገባ፤ በመጀመሪያው ዙር በሂውስተን ተሸነፈ። ሁሉም «የሚመጣው ዓመት የእኛ ነው» አለ። የሚመጣው ዓመት ግን እንደታሰበው አልመጣም። ኦደን ለፖርትላንድ የተጫወተው በጠቅላላ 82 ጨዋታ ነው፤ የአንድ ዓመት ጨዋታ ማለት ነው። ሮይም ጉልበቱ አልቆ በ2011 መጨረሻ፣ በ27 ዓመቱ፣ ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ። ማንም አልሰነፈም፣ ማንም አልሰረቀም። ጉልበት ብቻ ነው።

ዱራንትስ? ታሪኩ እዚህ ላይ ይጣፍጣል። የሲያትል ቡድን በ2008 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተዛወረ። የመጀመሪያዎቹን 32 ጨዋታዎች ተመልከቱ፤ 3 ድል፣ 29 ሽንፈት። ዱራንት 20 ዓመቱ ነበር፤ ራስል ዌስትብሩክም እንዲሁ። በሚቀጥለው ዓመት ጄምስ ሃርደን ተጨመረላቸው፤ ቡድኑም ከ23 ድል ወደ 50 ዘለለ። በ2010 ፕለይኦፍ በመጀመሪያው ዙር በሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሲሸነፉ፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ያኔ ያጨበጨቡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ሒሳባቸው ልክ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ለዋንጫው ደረሱ፤ በማያሚ 4 ለ 1 ተሸነፉ። ሦስቱም ወጣቶች ገና 23 እና 22 ዓመታቸው ነበር። ገና ብዙ ዋንጫ አለ ተባለ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ቡድኑ ከሃርደን ጋር በደመወዝ ስላልተስማማ ወደ ሂውስተን ለወጠው። በ2013 ፕለይኦፍ ዌስትብሩክ ጉልበቱን ተጎዳ። በ2016 ዱራንት ራሱ ጥሎ ሄደ። ሦስቱም በየተራቸው የሊጉ ኮከብ ተብለዋል፤ ዱራንት በ2014፣ ዌስትብሩክ በ2017፣ ሃርደን በ2018። በአንድ ቤት ያደጉ ሦስት ኮከቦች በአንድነት አንድም ዋንጫ አልወሰዱም። በእኔ አስተያየት ስለ ወጣት ቡድን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ የለም። ችሎታ ነበረ፣ ዕድሜ ነበረ፣ ሕዝብ ነበረ፤ የጎደለው ሦስቱንም ይዞ ለመቆየት የሚያስችለው ገንዘብና ትዕግሥት ነው።

ኦክላሆማ እንደገና ከታች ጀመረ። በ2019 አንድ ታላቅ ተጫዋች ሰጥቶ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የሚባል ወጣትና ብዙ የወደፊት ዕጣዎች ተቀበለ። በ2022 ባለቀው ውድድር 24 ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፈው። ከዚያ 40፣ ከዚያ 57፣ ከዚያም 68 አሸነፈ። በ2024 በሁለተኛው ዙር በዳላስ ሲሸነፍ «ልጆች ናቸው፣ አይችሉም» ያሉ ነበሩ። በሰኔ 2025 ኢንዲያናን 4 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ24 ድል እስከ ዋንጫ ሦስት ዓመት ነው የፈጀው። ልጆቻችን ስለ ፖርትላንድ ሲያወሩ በልባቸው ያለው ይህ ነው፤ ኦክላሆማ ከሆነለት እኛስ? የሚል።

በአሜሪካ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ማካቢ ቴል አቪቭ ከ1970 እስከ 1992 የሊጉን ዋንጫ ለማንም ሳይሰጥ 23 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። በ1993 ያንን ሰንሰለት የበጠሰው የትልቅ ከተማ ቡድን አልነበረም፤ ከላይኛው ገሊላ ኪቡጾች የመጣው ሃፖዔል ጋሊል ኤልዮን ነበር። አሠልጣኙ ፒኒ ጌርሾን፣ ከወጣቶቹ አንዱ ዶሮን ሼፈር ነበሩ። ሼፈር ከድሉ በኋላ ለትምህርት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኮነቲከት ሄደ፤ በ1996 ሲመለስ የፈረመው ለማካቢ ነው። የትንሽ ቦታ ቡድን ደጋፊ ይህንንም ያውቃል፤ ያሳደገውን ልጅ ትልቁ ይወስድበታል። ማካቢም ከ1994 ጀምሮ እንደገና ለ14 ዓመት ገዛ፤ እስከ 2008፣ ሃፖዔል ሖሎን እስኪያሸንፈው ድረስ።

ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ስፖርት ሲባል የሚያስቡት ሩጫን ነው። በሩጫ ነገሩ ቀለል ይላል። ማሩ ተፈሪ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን 13ኛ ወጣ፣ በ2022 በአውሮፓ ሻምፒዮና ሙኒክ ላይ ብር አገኘ፣ በ2023 በዓለም ሻምፒዮና ቡዳፔስት ላይ ብር አገኘ። የአንድ ሰው እግርና ልብ ነው፤ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ታያላችሁ። ቡድን ግን እንደ ቤተሰብ ነው፤ አንዱ ሲታመም ሁሉም ይንገዳገዳል። ስለዚህ የሯጭ ደጋፊና የቡድን ደጋፊ ትዕግሥታቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር ልምጣ። ከላይ እንዳያችሁት የወጣት ቡድን ተስፋ በዓመት የሚቆጠር ነው። በአንድ ሌሊት ግን ከወጣት ቡድን የበለጠ የማይታመን የለም። ሰኞ ታላቁን ያሸንፋል፣ ረቡዕ በደካማው ይዋረዳል። ገንዘብ በማስያዝ የሚታለሉት ልጆች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። «ቡድኑን አውቀዋለሁ፣ እያደገ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ያውቀዋል። ነገር ግን የሚያውቀው የሦስት ዓመቱን መንገድ ነው፤ የሚያስይዘው ደግሞ በዛሬ ሌሊቱ ጨዋታ ላይ ነው። አስያዡ ድርጅት ይህን እውቀቱን አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ቆጥሮታል፣ ከእያንዳንዱም ብር የራሱን ድርሻ አስቀርቷል።

ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በእስራኤል በስፖርት ውጤት ገንዘብ ማስያዝ የተፈቀደው በ1967 በወጣ ሕግ በተቋቋመው የስፖርት ውርርድ ምክር ቤት በኩል ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ቶቶ ወይም ዊነር ይለዋል። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መሸጥ ክልክል ነው። ልጁ ታላቁን ልኮ ቢያስገዛ፣ ወይም በስልኩ ከውጭ አገር በሚመጣ ያልተፈቀደ መንገድ ቢገባ፣ ከሕግ ውጭ ነው፤ ገንዘቡም ቢበላበት የሚከስሰው የለም።

ምልክቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ብዙ ወላጆች ልጁ ቡድኑ ሲሸነፍ ማዘኑን ይፈራሉ። ያ አያስፈራም፤ የደጋፊ ኀዘን ነው፣ እስከ ምሳ ያልፋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ልጁ የማይደግፋቸው ሁለት ቡድኖች ሲጫወቱ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ስሙን እንኳ ሰምታችሁት የማታውቁት ቡድን ሲሸነፍ ስልኩን የሚወረውር ከሆነ፣ ከታናሽ እኅቱ ሃያ ሠላሳ ሸቀል እየተበደረ የማይመልስ ከሆነ፣ ያኔ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። በቁጣ አይደለም። የተበደረ ልጅ ቁጣን ሲያይ የሚቀጥለውን ብድር ይደብቃል እንጂ አያቆምም። ዕዳ ካለበት ስንት እንደሆነና ለማን እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። በከተማችሁ ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ወይም የትምህርት ቤቱን አማካሪ ለማነጋገር አትፍሩ። ሬቫሃ ሲባል «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። ስለ ልጁ የውርርድ ዕዳ ምክር ሊጠይቅ የመጣ አባት ግን ቀጠሮና የሚያነጋግረው ሰው ነው የሚያገኘው።

ስለ እንቅልፉም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ከአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንስማማም። ስልኩን ጨርሶ መቀማት ጥሩ መስሎ አይታየኝም። በሳምንት አምስት ቀን ትምህርት ያለው ልጅ በየንጋቱ መነሣት የለበትም፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዓርብና ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ቤተሰቡ ሰንበትን የሚጠብቅ ካልሆነ፣ ወይም በሌሎቹ ቀናት ከትምህርት በኋላ የጨዋታውን ቅጂ እንዲያይ መስማማት ይቻላል። ውጤቱን ቀድሞ እንዳይሰማ ስልኩን ራሱ አጥፍቶ ይሰጣችኋል፤ እኔ ይህን ያደረገ ቤት አይቻለሁ፣ ልጁ እስከ ማታ ስልክ አልጠየቀም።

ከልጁ ጋር ለማውራት ስለ ኳስ ብዙ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። «ስንት ዓመታቸው ነው?»፣ «ውላቸው መቼ ያልቃል?»፣ «ጉልበቱ የሚያመው ማን ነው?»፣ «ከመካከላቸው ነባሩ በሬ ማን ነው?» ብትሉት ይበቃል። አባት ዕብራይስጡ ቢያጥረው፣ ልጅም አማርኛው ቢያጥረው፣ ቁጥሩን ሁለቱም ያውቁታል። አንድ አባት ይህን ከሞከሩ በኋላ «ልጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራኝ ከባር ሚጽቫው ወዲህ የመጀመሪያው ነው» ብለውኛል።

ልጁ ማየት ብቻ ሳይሆን መጫወትም ከፈለገ፣ በአቅራቢያችሁ ባለው ማትናስ የቅርጫት ኳስ ሑግ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ በኔታንያ ደግሞ ኤሊጹር የሚባል ክለብ አለ። ክፍያው ከከበዳችሁ ቅናሽ ወይም ድጋፍ ይኖር እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ሲከፈት ስለሆነ፣ በነሐሴ መጨረሻ ብትሄዱ ቦታ ታገኛላችሁ። የሐኪም ወረቀት ስለሚጠይቁም አስቀድማችሁ ከኩፓት ሖሊም ቀጠሮ ያዙ።